ለክርስትናዋ የተቀለበው አውራ ዶሮ

ውባለም ሞታለች፣ አውራ ዶሮው ግን አልሰማም፣ ዛሬም እንደ ትናንቱ ጎህ ሳይቀድ ይጮሃል፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ክንፉን እያማታ፣ ድግሱ መቼ ነው የሚል ይመስላል፣ ዛሬ ነበር ወዳጄ፣ ይለዋል አባቷ ወንድሙ በልቡ፣ ዛሬ የልጄ ሰማንያ ቀን ነበር፣ እሷ ክርስትና ልትነሳ፣ አንተ ወጥ ልትሆን፣ ሁለታችሁም ቀራችሁ። እግሩ የታሰረበት ገመድ ምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ አጥሯል፣ ቀን ቀን ምሰሶውን እየዞረ ራሱን ያስራል፣ ጠዋት ጠዋት ወንድሙ መልሶ እያዞረ ይፈታዋል፣ ሌላ ሥራ የሌላቸው ሁለት ወንዶች። አይሸጡት፣ የልጅቷ ነው። አይበሉት፣ በየትኛው አፍ።

እረዱት ብለዋል የጎረቤት ሴቶች፣ ሐዘን ቤት ውስጥ እንዲህ ሲጮህ ነውር ነው ብለዋል፣ ብዙ ነገር ብለዋል፣ ገና አልተጠመቀችም፣ ገና ደም ናት፣ ገና ሰው አልሆነችም፣ አታልቅሱ፣ እንዲህ እያሉ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ጥግ ላይ የተነጠፈችውን የሕፃኗን ትንሽ መኝታ ቁርበት ተራምደው ያልፋሉ፣ ክፋት የላቸውም፣ ለማጽናናት ነው፣ አንዷ እንዲያውም ሰው አልሆነችም እያለች ራሷ ስቅስቅ ብላ ታለቅስ ነበር፣ ሰው ካልሆነች አንቺን ምን ያስለቅስሻል፣ ሊላት ነበር። ሰው አልሆነችም። ሌባ ጣቱን የጨበጠው ማን ነበር ታዲያ፣ ጨብጣ አትለቅም ነበር፣ እሱም እግሩ እስኪደነዝዝ ሳይነቃነቅ ይቀመጣል፣ ሚስቱ መሠረት ትስቅበታለች፣ ጣሊያን ያላሰረህን ልጅህ አሰረችህ፣ ትለዋለች፣ እውነቷን ነው፣ እንደዚያ ያለ እስር ቤት የት ይገኛል። ንዳዱ የያዛት ጊዜም አልለቀቀችም፣ ሌሊቱን ብቻ ነው የቆየችው፣ ቄስ ለመጥራት እንኳ ጊዜ አልሰጠችም፣ ሲነጋ ጣቱን ራሱ አወጣው።

በቃ። ይነሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ሮቢት ቆላ ነው፣ ፀሐይ ሳትወጣ ይሞቃል፣ ውሃው ራሱ ለብ ብሏል፣ ወደ ሥራ ነው፣ ሥራው ሐኪም ቤት ነው፣ ጣሊያን ለመንገድ ሠራተኞቹ ያቆመው ረጅም የቆርቆሮ ዳስ፣ መሬቱ ላይ ሰሌን፣ ሰሌኑ ላይ ሰው፣ ወንድሙ ይጠርጋል፣ ውሃ ይቀዳል፣ በሽተኛ ያጥባል፣ ያጎርሳል፣ በዚህ ምክንያት ባንዳ የሚሉት አሉ፣ የሚሉትም ሲያተኩሳቸው እዚያው ይመጣሉ፣ እግርዎን ለባንዳው ያንሱለት፣ ይላቸዋል፣ ከነትኩሳታቸው እየሳቁ ያነሳሉ።

ዛሬ ግን ልቡ ያለው ጋሼ አሊዪ ዘንድ ነው። ጋሼ አሊዪ ሽማግሌ ግመል ነጂ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከታች ከበረሃው ጨው ጭነው ወደ ይፋት ሲወጡ የኖሩ፣ ጀውሃ ወንዝ አጠገብ ንዳዱ መንገድ ላይ ጣላቸው፣ ጓደኞቻቸው ጭነቱ እንዳይቀር ሐኪም ቤቱ በር ላይ አስተኝተዋቸው አለፉ፣ እንመለሳለን አሉ፣ ይመለሱም ይሆናል። ከመጡ ጀምሮ አፋቸው እንደ ተሰፋ ነው። ወተት ተሞከረ፣ ተመልሶ ወጣ። ቂጣ አይወርድላቸውም። ብሮዶ፣ ይላል ዶቶሬ፣ መረቅ ማለቱ ነው፣ የሐኪም ቤቱ መረቅ ግን ከጣሊያን ቆርቆሮ ከወጣ ሥጋ የተቀቀለ ነው፣ ማን እንዳረደው አይታወቅ፣ ጋሼ አሊዪ ማንኪያው ሲቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፣ በቁጣ አይደለም፣ በትሕትና፣ ጠግቤያለሁ እንደሚል እንግዳ። ኪኒኑም በባዶ ሆድ አልረጋ ብሏል።

ትናንት ማታ ዶቶሬ መጥቶ ቆመባቸው፣ የእውነት ሐኪም ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም፣ ነጭ ካፖርት ስላለው ዶቶሬ ይሉታል፣ በጣቱ ወደ አፉ እያመለከተ፣ ይሄ ማንጃሬ የለም፣ አለ፣ አይበላም ማለቱ ነው፣ ነገ ማታ ማንጃሬ የለም፣ ውጪ፣ ዛፍ። ዛፉ ከበሩ ፊት ያለው ግራር ነው፣ ከሰሌን የሚነሳ ሰው እዚያ ጥላ ሥር ይወሰዳል፣ ከዚያ ጥላ ሥር በእግሩ ሲመለስ የታየ የለም። ዶቶሬ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ መንገዱ በየቀኑ ሰው ይጥላል፣ ሰሌኑ አይበቃም፣ ለሱ የማይበላ ሰው የሞተ ሰው ነው፣ ገና ሳይሞት። ያቺ ገና ሳትጠመቅ ሰው አይደለችም፣ እኚህ ገና ሳይሞቱ ሰው አይደሉም፣ ሰው መሆን መቼ ነው ታዲያ፣ መሃል ላይ የቀረችው ቀዳዳ እንዴት ጠባብ ናት፣ ማን ያልፋታል።

ኩኩሉ፣ ይላል አውራ ዶሮው።

ወንድሙ ዞሮ ያየዋል። መረቅ። እግር አውጥቶ፣ ምሰሶ ላይ ታስሮ፣ በየማለዳው እዚህ ነኝ እዚህ ነኝ እያለ ሲጮህ የከረመ መረቅ፣ እኔ ነኝ እንጂ የማልሰማ። ግን ማን ይረደው፣ እሱ ካረደው የክርስቲያን ሥጋ ነው፣ ሽማግሌው እንደገና ወደ ግድግዳ ይዞራሉ፣ እስላም ካረደው ደግሞ ወንድሙና መሠረት መረቁን በምላስ ጫፍ አይነኩትም፣ ይፋት ውስጥ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም፣ ማንም በማንም አይቀየምበትም፣ ሠርግ ላይ ድስቱ ሁለት ነው፣ ጭፈራው አንድ።

መሠረት ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች፣ ከቀብር ወዲህ ቃል ትቆጥባለች፣ መሠረት፣ ይላታል፣ እ፣ ትላለች፣ አውራ ዶሮውን ልወስደው ነበር፣ ሐኪም ቤት አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ዛሬ ካልበሉ ወደ ዛፉ ነው፣ ሸሪፍ ይረድላቸዋል።  ልቡ ይመታል፣ ከጣሊያን ፊት ቆሞ እንዲህ አልመታም። እስላም ናቸው እንዴ፣ ትለዋለች፣ እስላም ናቸው፣ እንግዲያው እኛ አንቀምሰውም፣ አዎ አንቀምሰውም። አሁን ታለቅሳለች፣ አሁን ሂድልኝ ትለኛለች። ስማቸው ማነው፣ አለች። አሊዪ። አሊዪ፣ አለች እሷም፣ ቀስ ብላ፣ ተነሥታ ገመዱን ራሷ ፈታችው፣ እኔስ መች ልበላው አልኩ፣ ድግሷ አይደል፣ ድግስ የእንግዳ ነው፣ ውሰድ፣ ክንፉን ያዘው እንጂ ሰውዬ፣ ይቧጭርሃል። ሰውዬ አለችው። ልጅቷ ከተቀበረች ወዲህ ሰውዬ ብላው አታውቅም፣ ዶሮውን በብብቱ ይዞ ሲወጣ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ክንፉን ያማታል፣ ዶሮው ይሁን ራሱ ይሁን አልለየም።

ሸሪፍ አካፋውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከቤቱ ሲወጣ ያገኘዋል፣ የመንገድ ሠራተኛ ነው፣ አብሮ አደጉ፣ ገና ከሩቅ፣ አንተ ባንዳ፣ ዶሮ ሰርቀህ ወዴት ነው፣ ባንዳስ አንተ፣ ይላል ወንድሙ፣ መንገዱን የምትቆፍረው ለአጎትህ ነው እንዴ፣ እኔማ ጉድጓድ ጉድጓዱን እየተውኩለት ነው የምሠራለት፣ መኪናው ሲዘል አልሰማህም። ይሳሳቃሉ። እረድልኝ። ምን። ዶሮውን። ሸሪፍ ዶሮውን ያያል፣ ወንድሙን ያያል፣ ሰለምክ እንዴ፣ አልሰለምኩም፣ እንዳትሰልም፣ አንተን የሚችል መስጊድ የለንም። ለበሽተኛ ነው፣ የእናንተ ሰው ናቸው፣ የኛን አይበሉም፣ አለውና ስለ ጋሼ አሊዪ ነገረው፣ ስለ ዛፉም። ሸሪፍ አካፋውን መሬት ላይ አኖረው፣ ሳቁ ከፊቱ ወረደ፣ ይሄ የልጅቷ አይደለም እንዴ፣ አለ፣ የልጅቷ ነው፣ አለ ወንድሙ፣ ሸሪፍ ገብቶ ቢላዋውን አጥቦ መጣ።

የዶሮውን ፊት ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዞረ፣ ቢስሚ ብሎ ገና ላሂ ሳይል ዶሮው አመለጠ፣ የቆመ የጣሊያን ካሚዮን ሥር ገባ፣ እነሱን የሚያህሉ ሁለት ጎልማሶች መቀመጫቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ካሚዮን ሥር፣ ዘበኛ ቢያይ ቦምብ ሊቀብሩ ነው ብሎ ይተኩሳል፣ ወንድሙ ይህን ሲያስብ ሳቁ አመለጠው፣ አፈር ላይ ተኝቶ፣ ሆዱን ይዞ፣ ድምፁን ከሰማው ቆይቷል፣ የሌላ ሰው ሳቅ መሰለው፣ እንዴት ትስቃለህ፣ በዛሬ ቀን፣ እንዴት አልስቅ፣ እሷስ ብትኖር ዛሬ ቤቱ ሳቅ አልነበረም፣ ይኸው እግሩን ያዝኩት፣ ያዝኩት ሸሪፍ።

ታረደ። ወንድሙ ላባው የተጣበቀበትን እጁን እያራገፈ፣ ድስት አለኝ፣ እሳት አለኝ፣ ሐኪም ቤት ወስጄ እቀቅልላቸዋለሁ፣ ይላል፣ ኩራት ኩራት ብሎታል። የቱ ድስት፣ ይላል ሸሪፍ። የሐኪም ቤቱ ነዋ። ያ አሳማ የሚቀቀልበት። ወንድሙ ቀጥ አለ። እንዴት ሳላስበው፣ በየቀኑ የማጥበው ድስት፣ አመድና አሸዋ አድርጌ የማሸው፣ እጄን እየቀፈፈኝ። አንተስ ትበላበታለህ፣ ይላል ሸሪፍ፣ አልበላበትም፣ ታዲያ እሳቸው ስለታመሙ መቀፈፍ ቀረላቸው፣ በሽተኛ ሰው አይደለም እንዴ። ይህችን ይዘህ ግባ ወንድሙ፣ ይላል ለራሱ፣ ዛሬ ጠዋት ጣሊያኑን ስትወቅስ ነበር፣ ሴቶቹን ስትወቅስ ነበር፣ አንተም በደግነትህ ጊዜ ሽማግሌውን አፍ ብቻ አደረግካቸው፣ መረቅ የሚገባበት አፍ። በል አትደርቅ፣ ይላል ሸሪፍ፣ እማዬ ጋ ድስት አለ።

የሸሪፍ እናት እትዬ ጣይባ ከጓዳ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል፣ ዶሮውን ወዲህ በሉት፣ ወንድ ደግሞ የዶሮ ብልት ሊያወጣ ነው፣ እኔ አጥቤ እጥደዋለሁ፣ ቀትር ላይ መጥተህ ውሰድና እዚያ አብስለህ ጨርሰው፣ ድስቴን የሰበርክ እንደሆነ ግን ከእጄ አርበኛም አያስጥልህ። እሺ እትዬ። ደግሞ ይህን ፊትህን ታጠብ፣ አፈር መስለህ በሽተኛ ዘንድ አትግባ። እሺ እትዬ።

ሐኪም ቤት። ሙቀት፣ ዝንብ፣ የመድኃኒቱ ሽታ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ እግር፣ ዶቶሬ ቸኩሎ በሰዎቹ ላይ እየተራመደ ያልፋል፣ ወንድሙ ግን ይዞራል፣ እያንዳንዱን ሰሌን በእግርጌው ዞሮ ነው የሚያልፈው፣ ውሃ ይዞም ይዞራል፣ ስለዚህ ይዘገያል፣ ፕሬስቶ፣ ይጮህበታል ዶቶሬ፣ ቶሎ በል ማለቱ ነው፣ ወንድሙ እሺ ይልና ይዞራል። የየኔታ ነገር ነው። በልጅነቱ ማጀቴ ከተማ ፊደል ሲቆጥር የኔታ ሌላውን ጥፋት በአንድ አለንጋ ያልፉት ነበር፣ ሰው መራመድን ግን አያልፉም፣ አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንድ ለማኝ ተኝቷል፣ ቁስሉ ይሸታል፣ ተማሪው ሁሉ ረፍዶበት በላዩ ላይ እየዘለለ ገባ፣ ተመለሱ፣ አሉ የኔታ፣ ማንን ነው የተራመዳችሁት፣ ለማኙን የኔታ፣ ለማኙን፣ ሥላሴ በገዛ መልካቸው የሠሩትን ነው የተራመዳችሁት፣ አርአያ ሥላሴን፣ በሉ ዙሩት፣ ዙሩት እስክላችሁ ዙሩት። ዞሩት። ለማኙ ሲነቃ ያ ሁሉ ልጅ እንደ ታቦት ይዞረዋል፣ ምነው ልጆቼ፣ አለ ደንግጦ፣ ሞቻለሁ እንዴ። የኔታ ራሳቸው በሳቅ በትራቸው ላይ ተደገፉ።

ያ ለማኝ ተጠምቆ ይሁን አይሁን የኔታ አልጠየቁም። ማተቡን አላዩም።

ይህን እያሰበ የጋሼ አሊዪን አንገት በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል፣ ቀጭን አንገት፣ ማተብ የሌለበት፣ የሷም አንገት ማተብ አልነበረበትም፣ ዛሬ ልታስረው ነበር፣ ክሩን የክርስትና እናቷ ፈትላ ጨርሳለች፣ እንዲሁ ባዶ፣ እንዲሁ ሙቅ፣ እንዲሁ ከእጥፋቱ ውስጥ ላብ የሚይዝ፣ አንዱ ሰባ ዓመት ፀሐይ የበላው፣ አንዱ ፀሐይ ያላየው፣ ጨርቁ ግን ልዩነቱን አያውቅም፣ እጁም አላወቀም። የንስሐ አባቱ ደግ ሰው ናቸው፣ አብረውት አልቅሰዋል፣ ግን ሥርዓት ነው ልጄ፣ አሉ፣ ላልተጠመቀ ፍትሐት የለም፣ ከቅጥሩ ውጪ ሾላው ሥር ቀበሯት፣ እሱም አልተከራከረም፣ ሥርዓቱን ያከብራል፣ ጥምቀት ልጅነት ነው፣ ያውቃል፣ ይፈልግላትም ነበር፣ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ይዟት ሊገባ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፣ ለማንም አይልም፣ ለራሱ፣ ሥላሴ አዳምን ከአፈር ሲያነሱት ማን አጠመቀው፣ ማን ማተብ አሰረለት፣ ገና ትንፋሹ ሳይረጋ፣ ገና አንድ ሥራ ሳይሠራ፣ አንድ ጉርሻ ሳይበላ፣ መልካችን አሉት፣ መልኩ ከውሃው ይቀድማል፣ ቀድሞ ያለ ነው፣ እንግዲህ ሾላው ሥር ያለችው እሷ ናት፣ ሰሌኑ ላይ ያሉት እሳቸው ናቸው፣ ሰው ናቸው፣ በቃ። ይህን ያህል ነው የተማርኩት። ጋሼ፣ ይህን ጎንዎን ደግሞ ያዙሩልኝ። ያዞራሉ። ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ያዩታል።

ቀትር ላይ ሄዶ ድስቱን አመጣ፣ እትዬ ጣይባ ወደ ገበያ ወጥተዋል፣ ድስቱ ምድጃው ላይ ተከድኖ ይጠብቃል፣ እንደ ታመመ ሰው በሁለት እጁ ተሸክሞ፣ ድንጋይ እየመረጠ፣ ከዶቶሬ ምድጃ ዳር ለብቻው ሦስት ጉልቻ አቁሞ ጣደው፣ እፍ አለበት፣ ሽታው ተነሣ፣ በሽተኞቹ ሁሉ አንገታቸውን አቀኑ፣ ዛሬ የማን ተዝካር ነው፣ ይላል አንዱ፣ አፍህን ያዝ፣ ይላል ሌላው፣ የልጅ ክርስትና ነው፣ ከየት ሰማ ይሄ።

አሁን ጨው። እዚህ ላይ ቆመ። እትዬ ጣይባ ጨው አድርገውበት ይሆን፣ ስለ ጨው አላነሱም፣ ድስቱን ስለ መስበር ብቻ ነው የተናገሩት፣ ሌላ ሰው ቢሆን በማንኪያ ጫፍ ቀምሶ ይገላገላል፣ እሱ አይቀምስም፣ ሸሪፍ ነው ያረደው፣ ቢሸተውም አይቀምስም፣ ያሽተዋል፣ ጨው በማሽተት አይታወቅም፣ ዓይኑን ወደ ድስቱ አስጠግቶ ያየዋል፣ ጨው በማየትም አይታወቅም። እናቱ ጨው መጨረሻ ላይ ነበር የምታደርገው፣ እትዬ ጣይባም እንዲሁ ይሆናሉ፣ ባልቴት ሁሉ እንዲሁ ነው፣ ቆንጥሮ ጨመረ። ደግሞ አሰበ። ዕድሜያቸውን ጨው ሲጭኑ ለኖሩ ሰው አልጫ መረቅ ማቅረብ ስድብ ነው፣ ደገመ። ለውባለም ብሎ ደግሞ ጥቂት።

ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ ዶቶሬ ከዳር ጀምሮ እየመጣ ነው፣ ማንጃሬ፣ ማንጃሬ፣ እያለ፣ ሰሌን የሚጠብቀው አዲስ በሽተኛ በሩ ላይ ተደግፏል፣ ወንድሙ መረቁን በጣሳ ቀድቶ ከጋሼ አሊዪ ራስጌ ይንበረከካል፣ ጋሼ፣ መረቅ ነው፣ ሽማግሌው ማንኪያውን አይተው ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ፣ ጋሼ፣ የዶሮ ነው፣ የሐኪም ቤቱ አይደለም። ቆሙ። ማን አረደው፣ ድምፃቸውን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው፣ እንደ ደረቅ ቅጠል፣ ሸሪፍ ነው፣ የእትዬ ጣይባ ልጅ፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ አጠገቡ ነበርኩ፣ ዶሮው ሮጦ ሁለቴ አስብሎታል። ድስቱስ። የእትዬ ጣይባ ነው። እሳቱስ። እሳቱ የጣሊያን ነው ጋሼ፣ አልዋሽዎትም። ሽማግሌው አሰቡ። እሳቱን ተወው፣ አሉ፣ ዶሮው የማን ነው።

የልጄ ነው።

ልጅህን ያሳድግልህ።

አሜን ብል በቃ፣ አሜን በል፣ ዶቶሬ ሁለት ሰሌን ቀርቶታል፣ አሜን በልና አጉርሳቸው። ሞታለች ጋሼ፣ አለ፣ ከአፉ ራሱ ወጣ፣ ዛሬ ክርስትና ልትነሳ ነበር፣ ለድግሷ የተቀለበ ነው።

ጋሼ አሊዪ በክርናቸው ሊነሱ ሞከሩ፣ ወንድሙ ደገፋቸው፣ ተቀመጡ፣ ቆባቸውን አቀኑ፣ የለበሱትን ሰበሰቡ። ስሟ ማነው። ውባለም። እንግዲያው የውባለም እንግዳ ነኝ፣ አሉ፣ እንግዳ ተኝቶ አይበላም፣ ቢስሚላህ። አፋቸውን ከፈቱ።

ዋጡ።

ፊታቸው ተጨማደደ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ወንድሙ ልቡ ቀጥ አለ፣ ሊመልሱት ነው፣ ገደልኳቸው፣ ጋሼ ምን ሆኑ፣ ልጄ፣ አሉ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ይህን መረቅ ማን ነው የቀመሰው፣ ማንም አልቀመሰውም ጋሼ፣ እኔ አልቀምሰው፣ አዬ፣ አሉ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጨው ስጭን ኖሬ ይህን ያህል በአንድ ድስት አራግፌ አላውቅም። ከዳር እስከ ዳር ሳቅ ሆነ፣ የተኛው ሁሉ ሳቀ፣ ሆዱ የቆሰለው እያቃሰተ፣ በሩ ላይ የተደገፈው አዲሱ እንኳ። አምጣው ግን፣ አሉ ጋሼ አሊዪ፣ የልጅ ድግስ አይመለስም፣ ደግሞ ዋጡ፣ ደግሞ፣ ውሃ ስጠኝ፣ ውሃ፣ አቃጠልከኝ እኮ፣ ወንድሙ ውሃውን ከነኪኒኑ አቀበላቸው፣ ከጥማታቸው ብዛት ኪኒኑን ሳያዩት ወረደ። ቆየ። አልተመለሰም።

ዶቶሬ ደረሰ። ማንጃሬ፣ ማንጃሬ ዶቶሬ፣ ይኸው፣ ጣሳውን አዘነበለለት። አላመነም፣ ጎንበስ አለ፣ ማንኪያውን ነጥቆ ራሱ ቀመሰ፣ ሳሌ፣ አለ ምላሱን አውጥቶ፣ ማዶና፣ ሳሌ፣ ሳሌ፣ ጨው ማለቱ እንደሆነ ማንም አላስተረጎመም፣ ሳቁ እንደገና ተነሣ፣ እሱም ሳይወድ በጢሙ ሥር ፈገግ አለ፣ በእጁ እንዲህ አደረገ፣ ይቆይ። አዲሱን በሽተኛ ከወዲያኛው ዳር ሰሌን አጠጋግተው አስገቡት፣ ለካ ቦታ ነበር። ዶቶሬ ሊያልፍ እንደ ልማዱ በጋሼ አሊዪ እግሮች ላይ እግሩን አነሣ። ዙር ልጄ፣ አሉት፣ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ግመል እንደሚያዞሩ። ቃሉን አያውቀውም፣ እጁን ግን አየ። እግሩ አየር ላይ ቆየ። ወረደ። ዞረ።

ወንድሙ ድስቱን አጥቦ መለሰ፣ አልተሰበረም እትዬ፣ ጨው አድርገውበት ነበር እንዴ፣ ታዲያ ያለ ጨው ነው የምጥደው፣ ይላሉ፣ ምን ሆነ፣ ምንም እትዬ፣ ሽማግሌው ሰላም ያውላቸው ብለዋል።

ቤቱ ሲደርስ ገና አልጨለመም፣ ምሰሶው ላይ ገመዱ ብቻ፣ ሳይጠመጠም፣ ቀጥ ብሎ ወርዷል። መሠረት በሩ ላይ ናት፣ በሉ ወይ፣ ትለዋለች፣ በሉ፣ ኪኒኑም ረግቷል፣ ነገም ሰሌናቸው ላይ ናቸው፣ ምን አሉ፣ የውባለም እንግዳ ነኝ አሉ። መሠረት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፣ ደግሞስ ምን አሉ፣ ጨው በዛበት አሉ። ዓይኗ ከነጠላው በላይ ያየዋል፣ እንባ ነው ብሎ ጠበቀ፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ አመለጣት፣ ሳቅ ነው፣ አንተ ሰውዬ፣ ለልጄ እንግዳ ጨው አበዛህ፣ አታፍርም፣ ምን ላድርግ አልቀምሰው፣ ነግረኸኝ ቢሆን እትዬ ጣይባ ጨው እንደሚያስቀድሙ እኔ አውቅ አልነበር፣ ሳቋ ወደ እንባ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እሱም አብሯት ሄደ፣ ተመለሰ። እንጀራና ሽሮ አቀረበች፣ ሁለቱም በሉ፣ ድስቱን ጠረጉት።

ከዚያ መደቡ ላይ ሊወጣ ተነሣ፣ በአጭሩ መንገድ አንድ እርምጃ ነው፣ ትንሿ ቁርበት ጥግዋ ላይ እንደተነጠፈች አለች። እግሩን አነሣ። መልሶ አወረደው። በእግርጌዋ በኩል ዞሮ አለፈና ተኛ።